የመኪናችሁ ቤዝ አይመታም? አምፕ ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን ፈትሹ

አዲስ ስፒከር አስገጠማችሁ። ድምፁ ጠርቷል። ዘፋኙ ይሰማል፣ ጸናጽሉም ይሰማል። ከበሮው ግን የለም። መመታቱ ይታወቃል፣ ምቱ ግን ደረት ላይ አይደርስም። ድምፅ ስትጨምሩ ጆሮ ይበሳል እንጂ መኪናውን አይሞላም፤ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። ወደ ገጠመላችሁ ሰው ስትመለሱ የምትሰሙት መልስም ያው ነው፦ «አምፕ (የድምፅ ማጉያ) ይፈልጋል»፣ ካልሆነም «ሰብዉፈር (ለዝቅተኛው ቤዝ ብቻ የሚሆን ስፒከር) ጨምሩበት»።

ትንሽ ቆዩ። ብዙ ጊዜ ቤዙ አልጠፋም። ስፒከሩ ያወጣዋል፤ ከወጣ በኋላ ግን በሩ ውስጥ ወይም ጋቢናው ውስጥ ከራሱ ጋር ተጋጭቶ ይከስማል። እንዲህ በሚከስም ድምፅ ላይ ጉልበት ብትጨምሩበት የሚከስመውም አብሮ ይጨምራል። ስለዚህ መጀመሪያ ገንዘብ የማይጠይቀውን እንፈትሻለን፣ ቀጥሎ ርካሹን፣ ኪስ የሚጎዳውን መጨረሻ ላይ።

ለምሳሌ የምወስደው መንገዱን የሞላውን ዓይነት መኪና ነው። ቪትዝ ወይም ኮሮላ፣ የፊት በሮቹ ላይ 6.5 ኢንች ስፒከር (16 ሴንቲ ሜትር ገደማ)፣ ባለ ስክሪን አንድሮይድ ቴፕ፣ አምፕ የሌለው። የእናንተ ሌላ ቢሆንም አሠራሩ ብዙ አይለይም።

መጀመሪያ፦ የጎደለው የትኛው ቤዝ ነው?

«ቤዝ የለውም» ስንል ሁለት ነገር እንቀላቅላለን። ኸርዝ ድምፅ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ የሚነግር ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል። ከ60 ኸርዝ በታች ያለው ወንበር የሚያርገበግበው ነው። እሱ የሰብዉፈር ሥራ ነው፣ ከበር ስፒከር አትጠብቁት። ከ80 እስከ 250 ኸርዝ አካባቢ ያለው ሚድቤዝ ይባላል። የከበሮ ምት፣ የቤዝ ጊታሩ ሙላት፣ የወንድ ድምፅ ውፍረት ያለው እዚህ ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሟ ክር ሳትያዝ ስትመታ 41 ኸርዝ ናት፤ ነገር ግን ከእሷ ጋር 82 እና 123 ኸርዝ ላይ ተከታይ ድምፆች አብረው ይወጣሉ፣ ጆሯችንም ዜማውን የሚከተለው በአብዛኛው በእነሱ ነው። ሚድቤዙ ደህና የሆነ መኪና ያለ ሰብዉፈርም ቤዝ ጊታሩን በደንብ የሚያሰማው ለዚህ ነው።

ስልካችሁ ላይ አንድ ቶን ጄኔሬተር (የመረጣችሁትን ኸርዝ ብቻ የሚያሰማ) አፕ ጫኑ። ነጻ የሆኑ ሞልተዋል። ስልኩን ከቴፑ ጋር አገናኙ፣ ሞተር አጥፉ፣ መስኮት ዝጉ፣ ድምፁን መካከለኛ ላይ አድርጉና 50፣ 63፣ 80፣ 100፣ 125፣ 160፣ 200፣ 250 ኸርዝን በየተራ አጫውቱ። የቮልዩሙን ቁልፍ መሃል ላይ አትንኩ። የትኛው እንደሳሳ፣ የትኛው እንደሞላ ወረቀት ላይ ጻፉ። አንዱን ቶን ከፍ አድርጋችሁ ለረጅም ጊዜ አታቆዩት፤ ሙዚቃ እንደሚያደርገው እረፍት ስለማይሰጥ የስፒከሩን ጥቅል ሊያቃጥል ይችላል።

50 እና 63 ብቻ ከሳሱ ስፒከራችሁ ጤነኛ ነው፣ የፈለጋችሁት ሰብዉፈር ነው። ከ80 እስከ 200 ያለው በሙሉ ከሳሳ ተጠርጣሪዎቹ ከታች የምናያቸው ቴፑ፣ ሽቦው ወይም በሩ ናቸው። 100 እና 160 ጥሩ ሆነው መሃል ላይ 125 ብቻ ድንገት ከወረደ ደግሞ ጉዳዩ የምትቀመጡበት ቦታ ነው፣ እሱን ወደ መጨረሻ አመጣዋለሁ።

መስኮት ዝጉ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ወያላው በሩን ሲከፍት ቤዙ አብሮ ሲወርድ ሰምታችሁ ይሆናል። የተዘጋ ጋቢና ዝቅተኛውን ቤዝ ይደግፈዋል፣ ሲከፈት ድጋፉ ይሄዳል።

ዘፈኑንም ምረጡ። ከድሮ ካሴት የተቀዳ፣ ከዚያ ፍላሽ ለፍላሽ ሲገለበጥ የኖረ ፋይል ገና ከመነሻው ቤዙ ስስ ነው። በዚያ መኪናችሁን አትፍረዱበት። በጥሩ ኢርፎን ስትሰሙት ቤዙ እንደሚመታ የምታውቁትን አንድ ዘፈን ያዙና እስከ መጨረሻው በእሱ ብቻ ሞክሩ።

1. ቴፑ ውስጥ ግቡ

የስልኩንም የቴፑንም ኢኳላይዘር ዜሮ ላይ አድርጉ። «ሰራውንድ»፣ «3ዲ»፣ «ኮንሰርት» የሚል ነገር ካለ አጥፉት። እነዚህ ድምፁን ሰፊ ለማስመሰል የግራና የቀኙን ይለዋውጣሉ፣ በዚያው ቤዙን ያሳሱታል። በብሉቱዝ የምትሰሙ ከሆነ የስልኩ ድምፅ ከፍ ማለቱን እዩ።

ቀጥሎ ኤችፒኤፍ የሚለውን ፈልጉ። ሃይ ፓስ ፊልተር ነው፤ ከተቀመጠበት ቁጥር በታች ያለውን ድምፅ እየቀነሰ ወደ ስፒከሩ እንዳያልፍ ያደርጋል። አንዳንዴ ገጣሚው «ስፒከሩ እንዳይቃጠል» ብሎ 120 ወይም 150 ላይ አድርጎት ይሄዳል። ባለቤቱ ደግሞ ሜኑውን ከፍቶ አያውቅም። በኦክታቭ (የኸርዙ ቁጥር በግማሽ በወረደ ቁጥር) 12 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) የሚቀንስ ፊልተር 125 ላይ ከተቀመጠ 63 ኸርዝን 12 ዲሲቤል ገደማ ይቀንሰዋል። ይህ 16 ዋት ልካችሁ 1 ዋት እንደደረሰ ማለት ነው! ታዲያ ቤዝ ከየት ይምጣ።

ሰብዉፈር ከሌላችሁ 50 ወይም 60 ላይ አድርጉት፣ ካላችሁ 80። ጭራሽ አጥፍቶ መተውን ግን አልመክርም። ድምፁ አንድ ኦክታቭ ሲወርድ ስፒከሩ ያንኑ ያህል ለማሰማት አራት እጥፍ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ መመላለስ አለበት። 16 ሴንቲ ሜትር ስፒከር 40 ኸርዝ ላይ ሲታገል 100 ኸርዙንም ያበላሽባችኋል።

«ላውድነስ» የሚለውን ቁልፍ ብዙ ሰው ይንቀዋል። ለዝቅተኛ ቮልዩም ጥሩ ነገር ነው። ድምፅ ሲቀንስ ጆሯችን ቤዙን ቀድሞ እንደሚያጣ ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ የቤል ላብ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 በልኬት አሳይተዋል፣ ቁልፉም ያንን ለማካካስ የተሠራ ነው። ለፍተሻው ብቻ አጥፉት።

2. ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ተገልብጦ ይሆን?

ቴፑ ንጹህ ሆኖ ቤዙ አሁንም ከሌለ፣ እኔ የምጠረጥረው ይህንን ነው። የአንዱ በር ስፒከር ሽቦ ከተገለበጠ ግራው ወደ ውጭ ሲገፋ ቀኙ ወደ ውስጥ ይስባል። የአንዱ ግፊት በሌላው ይጠፋል። ከፍ ያሉት ድምፆች ብዙም ስለማይነኩ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል፣ ቤዙ ብቻ የለም። ዘፋኙም መሃል ላይ መቆሙን ትቶ ከየት እንደሚዘፍን ይጠፋባችኋል።

መፈተሻው ቀላል ነው። ፌደሩን (ድምፁን ለፊትና ለኋላ ስፒከሮች የሚያከፋፍለውን) ሙሉ በሙሉ ወደ ፊት አምጡ። በሁለቱ የፊት ወንበሮች መሃል ጭንቅላታችሁን አስገቡ። 80 ወይም 100 ኸርዝ አጫውቱና ባላንሱን ወደ ግራ ብቻ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ብቻ፣ ከዚያ መሃል ላይ አድርጉት። መሃል ላይ ሲሆን ቤዙ መጨመር አለበት። ከቀነሰ ተይዟል፤ ከአንዱ በር ሁለቱን ሽቦዎች አገላብጡ፣ ሌላውን አትንኩ።

ሽቦውን ከቴፑ ጀርባ ለመከተል ከፈለጋችሁ፣ ገበያ ላይ የሚሸጡ አብዛኞቹ ቴፖች አንድ ዓይነት ቀለም ይጠቀማሉ። ነጭ የፊት ግራ፣ ግራጫ የፊት ቀኝ፣ አረንጓዴ የኋላ ግራ፣ ሐምራዊ የኋላ ቀኝ። ጥቁር መስመር ያለበት ሁልጊዜ ኔጌቲቩ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን የመኪናውን ሽቦ ግን በቀለም አትመኑ። ብዙ ቴፕ የተቀያየረበት መኪና ከዳሽቦርዱ ጀርባ ስትከፍቱት ተቆርጦ፣ ተጠምዝዞ፣ በናስትሮ ተጠቅልሎ የቀለም ድብልቅልቅ ሆኖ ነው የምታገኙት።

እዚህ ላይ የባትሪ ድንጋይ ታድናለች። የስፒከሩን ሽቦ ከቴፑ ሙሉ በሙሉ ንቀሉ፤ ይህን ሳታደርጉ እንዳትሞክሩት፣ ቴፑን ልታበላሹ ትችላላችሁ። ከዚያ ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ ወስዳችሁ ሁለቱን ጫፎች ለቅጽበት ብቻ አስነኩ። «ጥክ» ይላል። የስፒከሩ ወረቀት ወደ ውጭ ከወጣ በድንጋዩ ፖዘቲቭ በኩል የነካው ሽቦ ፖዘቲቩ ነው። ናስትሮ ጠቅልሉበት ምልክት ይሁናችሁ።

የኋላ ስፒከር ካላችሁ ደግሞ ፌደሩን በመጠቀም ያንኑ አድርጉ። ፊት ብቻ፣ ከዚያ ፊትና ኋላ። የኋላዎቹ ሲጨመሩ ቤዙ ከወረደ እነሱም ይገልበጡ፤ ወይም ኋላ ሰው የማትጭኑ ከሆነ ዝቅ አድርጓቸው።

3. በሩ

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን። ጊዜያችሁንም ትንሿን ገንዘባችሁንም እዚህ ላይ አውሉት።

ስፒከር ወደ ፊት የሚያወጣውን ድምፅ ከጀርባውም ያወጣዋል፣ ግን ተገልብጦ። ፊት ሲገፋ ጀርባው ይስባል። ሁለቱ ከተገናኙ ቤዙ ያልቃል። የቤት ስፒከር ሳጥን ያለው ለዚህ ነው፣ ጀርባውን ይዞ ያስቀርለታል። መኪና ላይ ሳጥኑ በሩ ነው። ችግሩ ፋብሪካው በሩን የሠራው መስታወቱንና ቁልፉን ለመጠገን እጅ እንዲያስገባ አድርጎ ነውና ፓነሉን ስታወልቁ የምታገኙት ወንፊት ነው። ፋብሪካው ቀዳዳዎቹን በፕላስቲክ ሸራ ይሸፍናቸዋል፤ ከእናንተ በፊት በሩን የከፈተው ሰው ያንን ሸራ ቀዶታል ወይም ጭራሽ ጥሎታል።

ፓነሉን ለማውለቅ ካቻቪቴ፣ የፕላስቲክ መፈልቀቂያና ጨርቅ ይበቃል። አብዛኞቹ ቶዮታዎች ላይ አንድ ብሎን ከበሩ መክፈቻ እጀታ ጀርባ፣ አንድ ደግሞ ከእጅ መደገፊያው ውስጥ ትንሽ ክዳን ሥር ተደብቆ ታገኛላችሁ። ከዚያ ከታችኛው ጠርዝ ጀምራችሁ ክሊፖቹን አንድ በአንድ ፈልቅቁ፣ መጨረሻ ላይ ፓነሉን ወደ ላይ አንሱት። አትጎትቱት፤ የመስታወቱ ማብሪያ ሽቦና የእጀታው ገመድ አሁንም ይዘውታል። ክሊፕ መሰበሩ አይቀርም። ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ መለዋወጫ ክሊፕ አስቀድማችሁ ግዙ። በጎደለ ክሊፕ የታሰረ ፓነል በኋላ እየተንጣጣ ያሳብዳችኋል።

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ሙከራ አለ። ፓነሉ ወልቆ ሳለ 100 ኸርዝ ዝቅ አድርጋችሁ አጫውቱ። ትልቁን ቀዳዳ በካርቶን ሸፍናችሁ በእጃችሁ ጫኑት። ቤዙ ከፍ ካለ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ካርቶኑን ስትለቁት ተመልሶ ሲወርድ በጆሯችሁ ትሰሙታላችሁ። ከዚያ ወዲያ ማንም ስለ አምፕ ሊያሳምናችሁ አይችልም።

ወደ ሥራው። በመጀመሪያ ስፒከሩ የተቀመጠበትን ዙሪያ እዩ። የቶዮታ የፋብሪካ ስፒከር ብዙ ጊዜ ከራሱ ፕላስቲክ መቀመጫ ጋር ተሠርቶ በሪቬት ይታሰራል። ያ ሲነቀል ክቡ አዲስ ስፒከር ለቀዳዳው አይገጥምም። የቸኮለ ገጣሚ ታዲያ በሁለት ብሎን ይወጥረውና ዙሪያው ላይ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትቶ ፓነሉን ይዘጋዋል። የስልክ መብራት ከጀርባ አብሩና ዙሪያውን ተመልከቱ። ብርሃን ካለፈ ቤዙም ያልፋል።

መፍትሔው ቀለበት ነው። ለመኪናችሁ ተብሎ የተሠራ የፕላስቲክ ቀለበት ካገኛችሁ ጥሩ፣ ካላገኛችሁ እንጨት ቤት ሄዳችሁ ከ12 እስከ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ኮምፔንሳቶ አስቆርጡ። ኤምዲኤፍ ለድምፅ ደህና ነው፣ ለውኃ ግን አይሆንም። በር ውስጥ ደግሞ ክረምት ሙሉ ውኃ ይወርዳል፣ አብጦ ይፈረካከሳል። ኮምፔንሳቶውንም ቢሆን በዘይት ቀለም ወይም በቫርኒሽ ሁለቴ ቀቡት። ከማሰራችሁ በፊት መስታወቱን እስከ ታች አውርዱና የስፒከሩ ማግኔት እንደማይነካው አረጋግጡ። በቀለበቱና በብረቱ መሃል፣ በቀለበቱና በስፒከሩም መሃል ስስ ስፖንጅ አስገቡ። ብሎኖቹን በአራቱም ማዕዘን እያቀያየራችሁ አጥብቁ።

ሁለተኛ፣ የስፒከሩ ፊት። ይህንን የሚሠራ ሰው ብዙም አላየሁም፣ ዋጋው ደግሞ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በስፒከሩና በፓነሉ መረብ መሃል ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ አለ። ድምፁ ወደ እናንተ መምጣት ሲገባው በዚያ ክፍተት ወደ ፓነሉ ጀርባ ይበተናል። ወፈር ያለ ስፖንጅ እንደ ቀለበት ቆርጣችሁ በስፒከሩ ጠርዝ ላይ በማስቲሽ ለጥፉ፤ ፓነሉ ሲዘጋ ስፖንጁን ይጫነው።

ሦስተኛ፣ ቀዳዳዎቹ። ትልልቆቹን በስስ የአሉሚኒየም ላሜራ ወይም በጠንካራ ፕላስቲክ ቆርጣችሁ ሸፍኑና በላዩ ላይ ቡታይል ለጥፉ። ቡታይል ያልኩት ባለ ፎይል፣ ጥቁር፣ ማጣበቂያ የሆነው ምንጣፍ ነው፤ 2 ሚሊ ሜትሩ ይበቃል። የቁልፉ ዘንጎች መንቀሳቀሳቸውን እዩ። አንድ ቀን የመስታወቱ ሞተር ሲበላሽ መካኒኩ እጁን ማስገባቱ ስለማይቀር የሚነሳ አድርጋችሁ ሥሩት። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊከን አትጠቀሙ፣ ብረቱን ያዝገዋል። በበሩ ታችኛ ጠርዝ ላይ ያሉትን ትናንሽ የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎች ደግሞ በምንም ዓይነት እንዳትደፍኑ። ከደፈናችሁ በሩ ውስጥ ውኃ ይጠራቀማል፣ ከዚያ ዝገት ነው።

አራተኛ፣ የውጭው ቆርቆሮ። በሩን ከውጭ በጣታችሁ አንኳኩት። «ጓ» ካለ ስፒከሩ በመታ ቁጥር እሱም አብሮ ይርገበገባል። በቀዳዳው በኩል እጃችሁን አስገብታችሁ ከስፒከሩ ጀርባ ባለው ቦታ ቡታይል ለጥፉ። ቆርቆሮውን አስቀድማችሁ በአልኮል ጥረጉት፣ አቧራ ላይ አይዝም። ሙሉ በሙሉ መሸፈን ግዴታ አይደለም፣ መሃል መሃሉን መያዝ ትልቁን ሥራ ይሠራል። የጣሪያ ሬንጅ ርካሽ ነው ብላችሁ ግን እንዳታስገቡት። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ይሸታል፣ ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ከወረዳችሁ ደግሞ ይቀልጥና ይፈሳል።

አንዱን በር ብቻ ጨርሱና ፓነሉን መልሱ። ባላንሱን ግራና ቀኝ እያደረጋችሁ ከሌላኛው ጋር አስተያዩ። ልዩነቱ ካሳመናችሁ ሁለተኛውን ሥሩ።

አዳዲስ መኪና የያዛችሁ፣ በተለይ የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ኤሌክትሪክ የዞራችሁ፣ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንዳንዶቹ በር ውስጥ ግጭትን በአየር ግፊት የሚያውቅ የኤርባግ ሴንሰር አላቸው፤ በሩን ማሸግ ሥራውን ሊያዛባ ስለሚችል መኖሩን ሳታረጋግጡ እንዳትነኩት። ብርቱካናማ ቀለም ያለው ወፍራም ገመድ ካያችሁ ደግሞ ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው። እጃችሁን ሰብስቡ።

4. ስፒከሩ ራሱ

ካርቶኑ ላይ 500 ዋት ይላል? እርሱት። የሚነበበው አርኤምኤስ የሚለው ቁጥር (ስፒከሩ ያለማቋረጥ የሚችለው ዋት) እና ሴንሲቲቪቲ የሚለው (በትንሽ ዋት ምን ያህል ድምፅ እንደሚያወጣ) ነው። 3 ዲሲቤል ልዩነት የዋት እጥፍ ነው፤ 92 ዲሲቤል የሆነ ስፒከር በ20 ዋት የሚያወጣውን ድምፅ 89 ዲሲቤል የሆነው ለማውጣት 40 ዋት ይፈልጋል። አምፕ ለሌለው መኪና ከዋቱ ይልቅ የሴንሲቲቪቲውን ቁጥር አስቀድሙ። ፊቱ ላይ አራት አምስት ትዊተር የተደረደረበትም ለዓይን እንጂ ለቤዝ አይረዳም።

ያገለገለ ከሆነ ወረቀቱን በሁለት እጅ ጣቶች እኩል ቀስ አድርጋችሁ ግፉት። የሚቧጭር ድምፅ ካለው ጥቅሉ ተበላሽቷል። ዙሪያው ያለው ስፖንጅ ከተፈረፈረም እንዲሁ። በቴስተር ስትለኩት ባለ 4 ኦም ስፒከር ከ3.2 እስከ 3.8 አካባቢ ያሳያል፤ ምንም ካላሳየ ተቃጥሏል።

5. ጉልበቱ ያንሳል?

እስካሁን ያለውን ከጨረሳችሁ በኋላ ነው ይህ ጥያቄ የሚነሳው። ቴፑ ላይ «50 ዋት በ4» ተብሎ ይጻፋል። የመኪና ቮልቴጅ ሞተር ሲነሳ 14.4 ገደማ ነው። በዚያ ቮልቴጅ ውስጡ ባለው አምፕ ባለ 4 ኦም ስፒከር ላይ ድምፁ ሳይሰነጣጠቅ ማግኘት የሚቻለው በሒሳቡ ጣሪያ 26 ዋት ነው፣ በተግባር ከ15 እስከ 20። ለመደበኛ አድማጭ ይበቃል። ድምፅ ከፍ አድርጎ ለሚሰማ ግን ቤዙ ቀድሞ ይሰነጠቃል፣ ለእሱ በአንድ ቻናል 50 ትክክለኛ ዋት የሚሰጥ አነስተኛ አምፕ ልዩነት ያመጣል።

አምፕ ካስገባችሁ ከባትሪው የሚመጣው ገመድ ቢያንስ 8 ሚሊ ሜትር ካሬ ይሁን፤ ፊውዙ ከባትሪው ከ45 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ ይታሰር። ያለ ፊውዝ የተዘረጋ ገመድ አንድ ቦታ ተልጦ ከቦዲው ጋር ከተነካካ መኪናው በእሳት ሊያያዝ ይችላል። ሲሲኤ የሚባለውን ገመድም ለዩ። ላዩ መዳብ ይመስላል፣ በቢላ ስትፍቁት ውስጡ ነጭ አሉሚኒየም ነው።

የስፒከር ሽቦ ማወፈር ቤዝ ይጨምራል የሚባለው ግን አያስኬድም። ከቴፑ እስከ በሩ 5 ሜትር ያህል ቢሆንና ሽቦው 0.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ብቻ ቢሆን እንኳ የምታጡት ከ1 ዲሲቤል በታች ነው። ግንኙነቱ በደንብ ይያዝ፣ በስታኞ ቢበየድ ይመረጣል፣ ሌላው ትርፍ ወጪ ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ አየሩም ስስ ስለሆነ ስፒከር ከባሕር ዳርቻ ከተማ ትንሽ ዝቅ ብሎ እንደሚሰማ እውነት ነው። 2 ዲሲቤል ገደማ ነው። ሰበብ አይሆንም።

6. የምትቀመጡበት ቦታ

ሾፌሩ ለግራው ስፒከር ይቀርባል፣ ከቀኙ ይርቃል። ልዩነቱ ግማሽ ሜትር ነው እንበል። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ስለሚጓዝ፣ ግማሽ ሜትር ለ343 ኸርዝ የግማሽ ሞገድ ርዝመት ነው፤ ሁለቱ ተገልብጠው ይደርሱና እዚያ ቁጥር አካባቢ ጉድጓድ ይፈጠራል። ከመስታወትና ከጣሪያ የሚመለሰው ድምፅ ሲጨመርበት ጉድጓዱ ወደ 100 እና 200ዎቹም ይወርዳል። አንዷ ኖታ ብቻ የምትጠፋው በዚህ ነው። ኢኳላይዘር እዚህ አይረዳም፣ ጉድጓድ ውስጥ የምትጨምሩት ሁሉ እዚያው ይቀራል።

ቴፓችሁ «ታይም አላይመንት» ወይም «ዲሌይ» ካለው ከጆሯችሁ እስከ እያንዳንዱ ስፒከር በሜትር ለኩና አስገቡ። በሚሊሰከንድ የሚጠይቅ ከሆነ 34 ሴንቲ ሜትር 1 ሚሊሰከንድ ነው፤ የሚዘገየው ቅርቡ ስፒከር ነው፣ የእኛ መኪና ላይ ግራው። ዲሌይ የሌለው ቴፕ ከሆነ ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ መግፋት ብቻውን ጉድጓዱን ሲያንቀሳቅሰው ትሰሙታላችሁ።

ኢኳላይዘሩን የምትነኩት አሁን ነው። 100 ኸርዝ ላይ 2 ወይም 3 ዲሲቤል ጨምሩ፣ ከዚያ አትለፉ። 3 ዲሲቤል ስትጨምሩ ቴፑን እጥፍ ዋት እየጠየቃችሁት ነው፣ የሌለውን ደግሞ አያመጣም። ብዙ ጊዜ ከ2,000 እስከ 4,000 ያለውን ትንሽ መቀነስ ይሻላል፤ የሚጮኸው ሲበርድ ቤዙ ይወጣል።

7. ሰብዉፈር ላላቸው

ሰብዉፈሩ ወንበር ያርገበግባል፣ ከበሮው ግን አሁንም ባዶ ነው። ይህ የሚሆነው ሰብዉፈሩና በሮቹ በሚረካከቡበት ቦታ ሲጣሉ ነው። በሮቹን ከ80 በላይ፣ ሰብዉፈሩን ከ80 በታች አድርጉ፣ 80 ኸርዝ አጫውቱ። አምፑ ላይ 0 እና 180 የሚል ማብሪያ አለ። አንድ ሰው ኋላ ሄዶ ይቀያይረው፣ እናንተ ከሾፌሩ ወንበር ስሙ። 80ው ጎልቶ የተሰማበት ጋር ተዉት። ከዚያ ሰብዉፈሩን ዝቅ አድርጉና ቤዙ ከኋላ ሻንጣው መሆኑ ቀርቶ ከፊት የሚመጣ እስኪመስል ድረስ ቀስ እያላችሁ አንሱት።

ስትጨርሱ የቴፑን እያንዳንዱን የማስተካከያ ገጽ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። መካኒክ ባትሪ በነቀለ ቁጥር ብዙ ቴፕ ሁሉንም ይረሳዋል፣ ያስተካከላችሁት ኤችፒኤፍም አብሮ ይጠፋል።